ልጆችን ይዞ አሞራ ገደል ለመሄድ፦ በጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ፣ ያለ ፌስታል

ጥያቄ፦ «ውድ አዘጋጆች፣ የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። የ9፣ የ6 እና የ2 ዓመት ልጆች አሉኝ። ከወር በፊት እሑድ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያና መናፈሻ፣ አሞራ ገደል፣ ወስደናቸው ነበር፤ ተጣልተን ተመለስን ማለት ይቻላል። ጦጣ ከመካከለኛው ልጄ እጅ ሙዝ ስትነጥቀው ክንዱን ቧጨረችው። ባለቤቴ ከባለ ጀልባው ጋር በዋጋ ተጨቃጨቀ። ትንሿ በሙቀቱ ስታለቅስ ዋለች። አሁን ትልቋ ‹አዲስ አበባ ሄደን አንበሳ እንይ› እያለች ትነዘንዘኛለች፤ መካከለኛው ደግሞ ጦጣ ሲባል ከኋላዬ ይደበቃል። በሚቀጥለው ወር እናቴ ከገጠር ትመጣለች፤ ጉልበቷን ያማታል። ሁሉንም ይዤ አንድ ቀን በሰላም የምንውልበት መላ ይኖር ይሆን?»

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ስለ ሽርሽሩ ከማውራታችን በፊት የልጅዎ ክንድ ይቅደም። የተቧጨረውን ሐኪም አይቶለት እንደሆነ በደብዳቤዎ አልገለጹም። ካላየለት ነገ ዛሬ ሳይሉ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱትና የሆነውን በዝርዝር ይናገሩ፦ ጥፍር ነበር ወይስ ጥርስ፣ ደም ወጥቶ ነበር ወይስ ቆዳው ብቻ ተላጠ፣ ቀኑ መቼ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታን የሚያስተላልፈው ውሻ ብቻ አይደለም፤ ማንኛውም አጥቢ እንስሳ ሊይዘው ይችላል። በጦጣ ላይ ብዙም አይታይም፤ ነገር ግን ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና ስለሌለ ሐኪሞች ጥቂቷንም ስጋት ችላ አይሏትም። ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ምንም ሳያሳይ ይቆያል። ስለዚህ «ወር አልፎታል፣ ቁስሉም ድኗል» ተብሎ አይተውም። ክትባቱን ይጀምር አይጀምር የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ የእርስዎ ድርሻ ልጁን ማድረስ ነው።

ወደፊትም ጦጣ፣ ውሻ ወይም ድመት ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቦታውን እዚያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት። 15 ደቂቃ ልጅ እያለቀሰ ሲሆን ረጅም ነው፤ ስለዚህ በግምት ሳይሆን ሰዓት እያያችሁ ይሁን። ሳሙናው የቫይረሱን የስብ ሽፋን ያፈርሰዋል። ቡና መነስነስ፣ ቅጠል መለጠፍ፣ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ግን ቁስሉን ይሸፍኑታል እንጂ ውስጡ የገባውን አያወጡም። ከታጠበ በኋላ በቀጥታ ወደ ሐኪም፤ ስለ ቴታነስ ክትባትም አብራችሁ ጠይቁ። የእብድ ውሻ ክትባት በአንድ መርፌ የሚያበቃ አይደለምና ልጁ ደህና መሰለ ብላችሁ ቀጠሮ እንዳታቋርጡ።

አሁን ወደ ሽርሽሩ። የትልቋ ልጅዎ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ በተከፈተው አንድነት ፓርክ ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች አሉ። ነገር ግን ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የ2 ዓመት ሕፃንና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይዞ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አይታሰብም፤ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ማደር አለባችሁ። ትንሿ አራት ዓመት ሲሞላት አስቡት። እስከዚያው ሰው ከሩቅ አገር መጥቶ የሚያየው ነገር ከቤትዎ በባጃጅ የሚደረስ ነው። ባለፈው የተበላሸው ቦታው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ሰዓቱና ምግቡ ስላልታሰበበት ነው።

አሞራ ገደል በአጥር የተከፋፈለ የእንስሳት ማቆያ አይደለም። ጦጣውም፣ ጉሬዛውም፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍም በነፃነት የሚንቀሳቀስ ነው፤ በእናንተና በእሱ መካከል ያለው አጥር የእናንተ ጠባይ ብቻ ነው። እንስሳቱ የራሳቸው የቀን ውሎ አላቸው። ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ ሲገቡ ወፎቹ ይሰበሰባሉ፤ ጉሬዛዎቹ ፀሐይ ለመሞቅ ቅርንጫፍ ላይ ይወጣሉ፤ ሐይቁም ረጋ ያለ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበሉ ይጨምራል፣ ወፉ ይበተናል፣ ሰው ይበዛል። አመሻሽ ላይ ደግሞ ትንኝ አለ፤ ሐዋሳ ወባ የሚገኝባት ከተማ መሆኗን አይርሱ። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ይድረሱ፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ ይውጡ። ሦስት ሰዓት ተኩል ለሦስት ልጆች በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ከቆዩ የሚያዩት እንስሳ አይጨምርም፣ ለቅሶው ግን ይጨምራል። ከተቻለ በሥራ ቀን ወይም ቅዳሜ ጠዋት ይሁን። በዓቢይ ጾም ወራት ዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ ገበያው ይጨናነቃል፤ ልጅ በእጅ ይዞ ለማለፍም ያስቸግራል።

ምግቡን በተመለከተ፦ ጦጦቹ ሙዝ ነጣቂ ሆነው አልተወለዱም፤ ያስለመድናቸው እኛው ነን። ጎብኚ ኦቾሎኒና ሙዝ በእጁ እየዘረጋ ስለሚያበላቸው ሰው ማለት ምግብ የያዘ እጅ መሆኑን ተምረዋል። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ደግሞ ጥሪ ይመስላቸዋል። ከትልቅ ሰው ይልቅ ልጅ ላይ የሚደፍሩት ቁመቱ ስለሚቀርባቸውና ሲደነግጥ ስለሚለቅላቸው ነው። ስለዚህ ልጆቹን ቤት አጥግበው ያውጧቸው፤ ገንፎ ወይም ፍርፍር የበላ ልጅ እስከ 4 ሰዓት ድረስ አይጠይቅም። ለመሃል የሚሆን ቆሎና የተቀቀለ ድንች ክዳኑ በሚቆለፍ ጠንካራ ዕቃ ይክተቱና ዕቃውን ዚፕ ያለው ቦርሳ ውስጥ ያስገቡት። ሙዝ፣ ማንጎና ብስኩት ይቅሩ፤ ሽታቸውና ቀለማቸው ከሩቅ ይጠራል። ሲበሉም ከዛፉ ሥር ሳይሆን ገላጣ ቦታ ላይ፣ ልጆቹ መሃል ትልልቆቹ ዙሪያ ሆናችሁ ብሉ። ዛፍ ሥር ከተቀመጣችሁ ከጦጣውም ሌላ የወፍ ኩስ ይወድቅባችኋል።

ኦቾሎኒ ይዘው «ያብሉ፣ ፎቶ ይነሡ» የሚሉ ልጆች ይመጣሉ። በትሕትና እምቢ ይበሏቸው። ልጅ ትከሻ ላይ ጦጣ አስቀምጦ ፎቶ ማንሣት በጣም የምንቃወመው ነገር ነው፤ ፊትና ዓይን ከጥርሱ ፊት ነው የሚሆነው።

ጦጣ ከመንጠቋ በፊት ታስጠነቅቃለች። ቅንድቧን ወደ ላይ ስባ ነጣ ያለውን የዓይን ቆብ ካሳየች፣ አፏን ከፍታ ጥርሷን ካሳየች፣ ጭንቅላቷን ወደፊት ካወዛወዘች መሳቋ አይደለም፤ ልጆች ግን «ሳቀችልኝ» ይላሉ። ዓይን ለዓይን ትክ ብሎ ማየትም እሷ ዘንድ ጠብ መፈለግ ነው። ያኔ ልጁን ወደ ኋላዎ ያድርጉ፣ ዓይንዎን ወደ መሬት ይጣሉ፣ ሳይሮጡ ወደ ጎን ራቅ ይበሉ። ሩጫ ያሳድዳል። ግልገል ያቀፈች ካለች ርቀቱን እጥፍ አድርጉት። የያዛችሁትን ነገር ከነጠቀች ይልቀቁላት፤ የሚቧጨረው አብዛኛውን ጊዜ መልሶ የሚጎትት ነው። ልጅዎም የተቧጨረው ሙዙን አልለቅም ብሎ ይሆናል። ይህን ለልጆቹ ከቤት ሳትወጡ በጨዋታ አለማምዷቸው፦ አንዱ ጦጣ ይሁን፣ ሌላው ማንኪያ ይያዝ፣ «ጦጣ መጣች!» ሲባል ማንኪያውን ይልቀቅ። አምስት ስድስት ጊዜ ከተጫወቱት እጃቸው ይለምደዋል።

መካከለኛውን «ወንድ ልጅ አይፈራም» አይበሉት፣ እህቱም አትሳቅበት። ፍርሃቱ ልክ ነው፤ ጎድታዋለችና። መጀመሪያ ለምን እንደነጠቀችው በቀላሉ ይንገሩት፦ «ምግብ አይታ ነው፣ አንተን ጠልታ አይደለም፤ ዛሬ በእጃችን ምግብ አልያዝንም።» ከዚያ ጦጣውን ትተው ጉሬዛ ፈልጉ። ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ከትከሻው ግራና ቀኝ ረጅም ነጭ ፀጉር ይወርድለታል፤ ቅጠል በል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከላይ ነው የሚውለው፣ ወደ ሰው እጅም እንደ ጦጣ አይመጣም። ልጁ ምን ያህል መጠጋት እንዳለበት እሱ ራሱ ይወስን፤ «እዚህ ይበቃኛል» ሲል እርስዎም እዚያው ይቁሙ። ሥራ ይስጡት፦ ስንት ጉሬዛ እንዳለ ይቁጠር፣ አውራ ጣት እንዳለው ያጣራ። የለውም፤ በአራቱ ጣቶች ቅርንጫፉን አንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ግልገል ካያችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ሆዱ ቅጠል ለማብላላት የተከፋፈለ ስለሆነ ዳቦና ጣፋጭ ይነፋዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ይህን የተረዳ የ6 ዓመት ልጅ ሌላው ጎብኚ ሲያበላ «አትስጡት!» የሚል ጠባቂ ይሆናል፤ ጠባቂ የሆነ ልጅ ደግሞ ፍርሃቱ ይቀልለታል።

ዓሣ ገበያው ላይ ዋናው ትርዒት አባ ኮዳ ነው፦ ራሱ መላጣ፣ ከአንገቱ ሥር ከረጢት የተንጠለጠለለት፣ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ ወፍ። ከ2 ዓመቷ ልጅዎ ይረዝማል፤ ስለዚህ ታቅፋ ትየው። መንቁሩ ጠንካራ ነው፣ አንጀትና ጭንቅላት ሲጣልለት ሲሻማም ዙሪያውን አያይም። ሦስት አራት ሜትር ይራቁ። ልጆቹ «ለምን መላጣ ሆነ?» ይላሉ፤ ጥንብ ውስጥ ራሱን ስለሚያስገባ ላባ ቢኖረው ይቆሽሽበት ነበር። «እግሩስ ለምን ነጭ ሆነ?» ካሉ እውነቱን ይንገሯቸው፦ በራሱ እግር ላይ ኩሱን ይለቃል፣ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል። የ9 ዓመቷ ይህን ለክፍል ጓደኞቿ ሳትነግር አታድርም። ወፎቹ ከምግብ ጋር ላስቲክ ስለሚውጡ ፌስታልና የሃይላንድ ክዳን መሬት ላይ እንዳትተዉ። ሁሉም ልጅ ሽፍን ጫማ ያድርግ፤ መሬቱ ላይ መንጠቆ፣ የመረብ ቁራጭና የዓሣ እሾህ አይጠፋም፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ የጀርባ ክንፍ እሾህ ሰንደል ጫማን አልፎ ይወጋል።

እናትዎን በባጃጅ እስከ በሩ ያድርሷቸው፣ ታጣፊ ወንበር ወይም ቀላል ዱካ ይያዙላቸው። ጀርባቸው ለዛፍ፣ ፊታቸው ለሐይቁ ሆኖ ከቅርንጫፍ ሥር ወጣ ያለ ጥላ ይፈልጉ። እዚያ ተቀምጠው ሐይቁን ማየት ለእሳቸው በቂ ነው፤ ጀልባው ይቅርባቸው፣ መውጣትና መውረዱ ለጉልበት ከባድ ነው። ትንሿም ከእሳቸውና ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ትቆይ። አያትና ሕፃን ብቻቸውን ሐይቅ ዳር አይተዉ፤ የምትሮጥ ልጅን ጉልበቱ የሚያመው ሰው አይደርስባትም።

ጀልባው ላይ ሁለቱ ትልልቆቹና አባታቸው ይውጡ። ጭቅጭቁ የመጣው ውሉ ግልጽ ስላልነበረ ይመስለናል። ከመሳፈራችሁ በፊት አራት ነገር ተነጋገሩ፦ ዋጋው ለሰው ነው ለጀልባው፣ ደርሶ መልስ ነው ወይ፣ እስከ የት ነው፣ ስንት ደቂቃ ነው። ጉማሬ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ በግልጽ ተናገሩ፤ ጉማሬዎቹ ብዙ ጊዜ የሚታዩት ወደ ጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል ስለሆነ ዳር ዳሩን ከሚደረገው አጭር ዙር የተለየ ጉዞ ነው። «ጉማሬ ካላየን አንከፍልም» የሚል ውል ግን አትግቡ። ባለ ጀልባው ገንዘቡን ላለማጣት ሲል ከሚገባው በላይ ይጠጋል።

ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው ካልቀረበ አትሳፈሩ። ለልጅ ካለበሳችሁ በኋላ ከሁለቱ ትከሻ ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጃኬቱ ጆሮው ድረስ ከመጣ ሰፊ ነው፣ ውሃ ውስጥ ከላዩ ሾልኮ ይወጣል። ለ2 ዓመት ልጅ የሚሆን ጃኬት፣ በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው፣ ማግኘት ከባድ ነው፤ ትንሿ የምትቀረው ለዚህም ነው። የጀልባውን ወለል እዩ፤ ውሃ ከቋጠረ ተዉት። ሞተሩ ቢቆም የሚሆን መቅዘፊያ መኖሩን ጠይቁ። መሃል ላይ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ለፎቶ ማንም አይቁም። ከ4 ሰዓት በፊት ተመለሱ፤ ውሃው ላይ ነጭ አረፋ መታየት ከጀመረ ነፋስ ገብቷል ማለት ነው፣ ያኔ ተሳፍራችሁ ከሆነ አሳጥሩት፣ ካልተሳፈራችሁ ለሌላ ቀን ይደር።

ጉማሬ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ለግጦሽ የሚወጣው ማታ ነው። ከአንድ ሺህ ኪሎ በላይ የሚመዝን እንስሳ ነው፤ ጀልባ መገልበጥ አይከብደውም። እስከ አምስት ደቂቃ ጠልቆ ስለሚቆይ የጠለቀበት ቦታ ላይ ይወጣል ብላችሁ አትገምቱ። አፉን በሰፊው ሲከፍት ልጆች ያዛጋ ይመስላቸዋል፤ ጥርሱን እያሳየ «ራቁ» ማለቱ ነው። ቢያንስ 50 ሜትር እንዲርቅ ባለ ጀልባውን ጠይቁ፤ በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መካከል፣ ወይም በእናትና በግልገል መካከል ፈጽሞ አትግቡ። የጠጋው ባለ ጀልባ ጎበዝ አይደለም፤ ሞተሩን ቀንሶ ከሩቅ የሚያሳያችሁን ምረጡ፣ ጉርሻም ለእሱ ስጡ።

ልጆች ሐይቁ ዳር እግራቸውን እንዳይነክሩ። የሐዋሳ ሐይቅ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ። የበሽታው እጭ ሣርና ደንገል ባለበት ዳርቻ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ይወጣና በደህና ቆዳ በኩል ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይገባል፤ ቁስል መኖር አያስፈልገውም፣ ውሃው ጥርት ማለቱም ዋስትና አይሆንም። ልጅ ተንሸራትቶ ከገባ ወዲያው በፎጣ አጥብቃችሁ አድርቁት፣ ቀኑን መዝግቡ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ የሰገራ ምርመራ አስደርጉ። ቀድሞ መመርመር ብዙም አይጠቅምም፤ እንቁላሉ ሰገራ ላይ ለመታየት ሳምንታት ይፈጅበታል። ከተገኘ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ነው።

ዓሣውን ከመውጣታችሁ በፊት ብሉ፤ ለምሳ የሚሆን ነው። ጥሬ ዓሣ የሚወድ አዋቂ ብዙ አለ፤ ለልጆች ግን አይሰጥ፣ የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ትል ይኖረዋልና። በደንብ የተጠበሰ ቆሮሶ ለትልልቆቹ ይሆናል፣ ሥጋውን ከጅራቱ በኩል ስጧቸው፣ ከራሱ ወዲህ ያለው ደቃቅ እሾህ ይበዛበታል። ለትንሿ አምባዛ ይሻላታል፤ እሾሁ ያንሳል፣ ያለውም ወፍራም ስለሆነ በጣት ይገኛል። እያንዳንዷን ጉርሻ በጣትዎ ጨምቀው ፈትሹና ስጧት። እሾህ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ትልቅ የእንጀራ ጉርሻ ማስዋጥ የተለመደ ነው፤ አታድርጉት፣ ጠልቆ እንዲሰካ ያደርገዋል። ልጁ ካስለ ይሳል፤ ካልወጣ ሐኪም ቤት።

ቦርሳውን ማታ ያሰናዱ። ለእያንዳንዱ ትልቅ ሰው አንድ ሊትር፣ ለልጅ ግማሽ ሊትር የመጠጥ ውሃ፤ ከዚያ ሌላ ለእጅ መታጠቢያ ሁለት ሊትር በጀሪካን። ሳሙና በላስቲክ ዕቃ፣ ፎጣ፣ የትንሿ ሁለት ቅያሪ ልብስ። ባርኔጣና እጅጌ ረጅም ቀጭን ልብስ አይርሱ፤ ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐዩ ከላይም ከውሃው ላይ ተንፀባርቆም ይመታል፣ ደመና ቢሆንም ያቃጥላል። በትልልቆቹ ልጆች ክንድ ውስጠኛው በኩል ስልክ ቁጥርዎን በእስክሪብቶ ይጻፉ። በሩ ላይ ስትደርሱ «ከጠፋችሁ እዚህ ቁሙ» ብላችሁ አንድ ቦታ አሳዩአቸው። ለጀልባና ለዓሣ የሚሆን ዝርዝር ብርም አባታቸው ኪስ ለየብቻው ይያዝ።